የምሳሌው ቤት ወለል

ለክቡር ግራዝማች ፈንታሁን አድማሴ፣
የቤቶች ጽዳትና የወለል ማሻሻያ ሹም፣
መካነ ሰላም።

ግልባጭ፦ ትእዛዝዎ ለተለጠፈበት የገበያው ወይራ ግንድ፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፣ ለማይችልም አጠገቡ ቆሞ ለሚሰማ።

ታኅሣሥ ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ክብርት ባለቤትዎን፣ ልጆችዎንና ከሥርዎ የሚያገለግሉትን ሁሉ በፍጹም ጤንነትና በሙቀት እንዲያገኛችሁ አላህን እየለመንኩ፣ በተለይ ደግሞ ስለ እግርዎ ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከመላው የተከበረ አካልዎ እግርዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል፤ እስከዚያው ድረስ ደኅና እንደሆነና እንዳልበረደው ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ይማም ሱሌማን እባላለሁ። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ከሚገቡት አቤቱታዎች ከሦስቱ ሁለቱ በእኔ ብዕር የተጻፉ ስለሆኑ ፊቴን ባያስታውሱት እንኳ እጄን ያውቁታል። ስለ ድንበር፣ ስለ ጠፋ በቅሎ፣ ስለ ውርስ ክርክር ስጽፍና ከበላዩም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ የሚለውን ሳሰፍር አንድም ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጉዳይ ነው። ፊደሎቼ ተንጋድደው ቢያገኟቸው አንድም ስለምፈራ ነው፤ ሁለተኛም የሃያ ሦስት ቀን ልጄ በደረቴና በጋቢዬ መካከል ተኝታ ስለሆነ ክንዴን እንደ ልቤ ማንቀሳቀስ አልችልም። የምፈራው ሁለት ነገር ነው። እርስዎን እፈራለሁ። ከእርስዎ ይልቅ ግን ወለሉን እፈራለሁ።

ከአቤቱታ በፊት ምስጋና ይቀድማልና ምስጋናዬን ላቅርብ። በመስከረም መጨረሻ በወይራው ግንድ ላይ ባስለጠፉት ትእዛዝ፣ ከአውራ መንገዱ ግራና ቀኝ የሚገኙ ቤቶች ሁሉ ወለላቸውን በእበት መለቅለቅ እንዲተዉ፣ ከወለል ላይ ምድጃ እንዳይቆፍሩ፣ ቁርበትና ዝተትም እንዳያነጥፉ፣ ከደሴ አንድ ታላቅ እንግዳ መጥተው የከተማችንን መሠልጠን በዓይናቸው ስለሚያዩም አንድ ቤት በሲሚንቶ ተሠርቶ በምሳሌነት እንዲጠብቃቸው አዝዘዋል። ይህን ትእዛዝ ማንበብ ለማይችሉት ጎረቤቶቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቤት ከሚለው ላይ ስደርስ የማን ይሆን ብዬ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ። በማግስቱ ዘበኛዎ ብዙነህ መጥቶ በቤቴ በር ላይ በኖራ ክብ አድርጎ ሄደ። ቤቴ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስላለ እንግዳው ብዙ ሳይደክሙ ሊያዩት ይችላሉ ተባልኩ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለዚህ ክብር ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት ጥቂት ነጥቦች የቀረቡትም ምስጋናዬን ለማብራራት ያህል ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ወለል አመራረጥ።

ክቡርነትዎ በትእዛዝዎ ላይ የእበትን ወለል የቁንጫ ርስት ብለውታል። ቁንጫ የለም ብዬ ሹምን አላስተባብልም፤ አለ። ነገር ግን የቤቴን ወለል የሠራችው አላህ ይዘንላትና እናቴ ኑርጃን ናት፤ እንዴት እንደ ሠራችውም በመዝገብዎ ስለማይገኝ ላስረዳ። ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ለወለል አይመረጥም፤ ቀይ አፈር ከወንዝ ማዶ በጀርባ ይመጣል። አፈሩ ከአመድ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃ እየተርከፈከፈበት፣ በእግርና በእንጨት ይጠቀጠቃል፤ ይተዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ገና ይጠቀጠቃል። እናቴ በዚህ ሥራ ሁለት ወር ፈጅታለች፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ፣ ከሞተች በኋላም ባለቤቴ ሰብሪያ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ትኩስ እበት በእጃቸው እየዘረጉ ሲለቀልቁት ኖረዋል። ከመሐሉ ምድጃ ነበረ። እሳቱ ዙሪያውን ያለውን አፈር ስለሚያሞቀው፣ ፍሙ ከከሰመ በኋላ እንኳ ወለሉ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ከወለሉ ላይ የበሬ ቁርበት፣ ከቁርበቱ ላይ ዝተት ይነጠፍበታል። ዝተት ማለት፣ በሰነድ ብቻ ለሚሠሩ ሰዎች ለማስታወስ ያህል፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ ትርጉሙን እዚህ ላይ የጻፍኩት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። በዚህ ወለል ላይ፣ ደጅ በእንስራ ያደረው ውኃ በውርጭ ቆዳ ሲያበጅ፣ ባዶ እግሬን አውርጄ ደንግጬ አላውቅም።

ሲሚንቶን ራሱን አልወቅስም። በቆላ አገር፣ ፀሐይ ድንጋይ በሚያፈላበት፣ ሰው ተጋድሞበት ይመሰገን ይሆናል። ምናልባትም ትእዛዙ ለቆላ ተጽፎ፣ በመንገድ ስሕተት ወደ እኛ ደጋ ወጥቶ እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ። የግድ መሠልጠን ካለብን ደግሞ ከሥሩ ነፋስ የሚያሳልፍ የጽድ ሳንቃ ይሻለን እንደ ነበር፣ ሲሚንቶም ቢሆን ምንጣፍ ካልተከለከለበት ሊኖሩበት እንደሚቻል በዚያን ጊዜ ማመልከት ነበረብኝ። አላመለከትኩም። ፈራሁ። ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ፈራሁ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሲሚንቶው አቦካክ።

ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ በኩታበር በኩል በበቅሎ ተጭኖ መጥቶልኛል። ከከረጢቶቹ ጋር የሚያስረዳ ሰው አልመጣም። በከረጢቶቹ ላይ የነበረው ጽሑፍም በፊደል የማድረው እኔ እንኳ የማላነበው የፈረንጅ ጽሑፍ ነበር። ሥራው የተሰጠው ለአቶ አልታዬ ነው፤ አቶ አልታዬ በዚህ አገር ግድግዳ በመመረግ አቻ የሌለው ሰው መሆኑን ክቡርነትዎም ያውቃሉ፤ የሚኖሩበትን ቤት የመረገው እሱ ነውና። ጭቃ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ለማንም ግልጽ ነው፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ሦስት ቀን ካልቦካ ግድግዳ አይይዝም። ስለዚህ አቶ አልታዬ ሁለቱን ከረጢት ከግቢዬ መካከል ዘርግፎ፣ ጭድ ነስንሶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት፣ በባዶ እግሩ ረገጠው፤ ከዚያም በደንብ እንዲቦካ በጆንያ ሸፍኖት ወደ ቤቱ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ጆንያውን ቢገልጠው ያገኘው ቋጥኝ ነው። እግሩም በእሳት እንደ ተቃጠለ ሰው ተልጦ ሁለት ሳምንት በምርኩዝ ሄዷል። አርባ ዓመት ጭቃ አምኖት ኖሮ በእርጅናው የማይቦካ ነገር ገጠመኝ እያለ ሲያዝን ከረመ።

ቋጥኙ ዛሬም ከግቢዬ አለ፤ የአቶ አልታዬ የእግር አሻራ ጭድ እንደ ነከሰ ተቀርጾበታል። ባለፈው የገበያ ዕለት ከመቅደላ በኩል የመጡ አንዲት እናት የአንድ ቅዱስ ወልይ እግር መስሏቸው ቅቤ ሊቀቡት ሲሉ፣ ሰብሪያ በስንት ልመና መለሰቻቸው። ወለሉ የተሸፈነው እንግዲህ በቀረው አንድ ከረጢት ብቻ ነው፤ ውፍረቱም ከሁለት ጣት አይበልጥም። ዘበኛው ብዙነህ መጥቶ አየውና ያበራል ብሎ ለክቡርነትዎ ነገረ። እውነቱን ነው፤ ያበራል።

ሦስተኛ፣ ስለ አያያዙ።

ወለሉ ካለቀ በኋላ የአያያዙ ደንብ በቃል ተነገረን። በሳምንት ሁለት ቀን በውኃ ይታጠባል፤ ምንም አይነጠፍበትም፤ እሳት አይነካውም፤ ይኸውም እንግዳው ጥቅምት ሠላሳ ቀን እስኪመጡ ድረስ ብቻ ነው። ጥቅምት ሠላሳ አልመጡም። ኅዳር ሃያ አንድ ተባለ፤ አልመጡም። አሁን ደግሞ ከገና በኋላ ተብሏል። እኛም በዚህ ሁሉ ቁር ወለል እያጠብን እንጠብቃለን። አፈር የፈሰሰበትን ውኃ ይጠጣል፤ ሲሚንቶ ግን አይጠጣም፤ ውኃው እንደ ተኛ ይውላል፣ እንደ ተኛም ያድራል፤ ማለዳ ስንነሣ ያልታጠበው ቦታ እንኳ አልቦት እናገኘዋለን። ሰብሪያ አንድ ቀን በስውር በላዩ እበት ለቅልቃበት ነበር። ይህን መጻፌ በእኔው ላይ ማስረጃ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ክቡርነትዎን ደስ ካሰኘ ግን ልቅላቂው በማግስቱ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። ሌላ ጊዜ ብርዱ ሲጠናባት ፍም ከላዩ አድርጋ ስትሞቅ፣ ወለሉ ጠመንጃ እንደ ተተኮሰ ጮኾ ፈነዳና ስብርባሪው ከነፍሙ ቀሚሷን በሳው። በዚያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

ልጃችን ሳዲያ ኅዳር ሃያ አራት ቀን፣ ሳትጠበቅ፣ በሰባት ወሯ ተወለደች። ያዋለደችን ከጓሮ በኩል የምትጎራበተን እትዬ አስቻለች ናት። ልጅቱን በሁለት መዳፏ ይዛ የምታስተኛበት ስትፈልግ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘችና፣ በመጨረሻ ሸሚዜን ገልጣ ከደረቴ ላይ አደረገቻት፤ «ይማሜ፣ ከዚህ ወለል ያንተ ገላ ይሻላታል፤ እንዳታወርዳት» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ሰብሪያ እየተፈራረቅን በገላችን ይዘናት አለን። አንዳችን ስንይዛት ሌላችን እንተኛለን። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተኝተን አናውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ፍርሃቴን እንደ ማመልከቻ ወግ አሳጥሬ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ከስድስት ዓመት በፊት ለጥቂት ወራት ማሻ ሄደን ሳለን የተከራየነው ቤት ድንጋይ የተነጠፈበት ነበር። ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰብሪያ ይበርዳል ስትለኝ ንጹሕ ነው ብዬ አፏን አስያዝኳት። የበኩር ልጃችን ጀማሉዲን እዚያ ተወለደ፤ አሥራ አንድ ቀን ኖረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ከእናቱ ጎን ብነካው እንደ ድንጋዩ ቀዝቅዞ ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ስለሚባል ወለል ክቡርነትዎ የማያውቁትን አንድ ነገር አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በማንም ቤት ስገባ እጄ ሳላዝዘው ወርዶ ወለል ይነካል። አሁን ደግሞ የሳዲያን ትንፋሽ እቆጥራለሁ። ሲዘገይብኝ የእኔንም እይዛለሁ፤ ሲመጣ አብረን እንተነፍሳለን።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ስላልተንቀሳቀሰች ነው። ተኝታ ኖሯል። እቀጥላለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ተያዘው ንብረት።

ልጅቱ ከተወለደች በኋላ ትእዛዝዎን ጥሰን ቁርበቱንና ዝተቱን መልሰን አንጥፈን ነበር። ጥፋት ነው። ዘበኛዎ ብዙነህ ታኅሣሥ አምስት ቀን ለቁጥጥር ሲመጣ አገኘው። ብዙነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ አራሷን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «አደራ አትቀየሙኝ፤ ትቼው ብሄድ የምታሰረው እኔ ነኝ» እያለ ቁርበቱንና ዝተቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛና በወለሉ መካከል ያለው የሰብሪያ ነጠላና ጥቂት ገለባ ነው፤ ገለባውም ሁልጊዜ እርጥብ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ንብረቴ እንዲመለስልኝ ልለምን ከፊትዎ ቀረብኩ። በሹም ፊት ቀና ብሎ መቆም ነውር መሆኑን አባቴ ስላስተማረኝ፣ እንደ ወጉ ጋቢዬን አደግድጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አባቴን አላህ ይማረው፤ ቀና ብዬ ቆሜ ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር። ዝተቴ ከጠረጴዛዎ ሥር፣ ከሁለቱ ጫማዎችዎ በታች ተነጥፏል። ይመሳሰል ይሆናል እንዳልል፣ አንድ ጊዜ ፍም ተፈናጥሮ ያቃጠለውን ጥግ እናቴ በቀይ ክር ጠቅማዋለች፤ የቀኝ ጫማዎ ተረከዝ ያረፈው ከዚያ ቀይ ክር ላይ ነበር። ከጽሕፈት ቤትዎ ወለል በታኅሣሥ ወር ምን ያህል ብርድ እንደሚወጣ ስለማውቅ አልፈርድብዎትም። እንዲያውም በዚህ አገር ስለ ወለል ሁለታችን አንድ ሐሳብ እንዳለን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ክቡርነትዎ ምን ጉዳይ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ጤናዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኩና እጅ ነሥቼ ወጣሁ። አሥራ አራት ዓመት ለሰው ሁሉ አፍ ሆኜ ኖሬ፣ ለልጄ አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ። ብታሰር ሳዲያን ከእናቷ ጋር የሚፈራረቅ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ፤ ይህ አንዱ እውነት ነው። ሌላው እውነት ደግሞ ዝም ብዬ መፍራቴ ነው። ቤቴ ስገባ ሰብሪያ ምን አሉህ ብትለኝ እንግዳው ከመጡ በኋላ ይመለሳል ብለውኛል ብዬ ዋሸኋት። አምናኝ አላህ ይስጣቸው ብላ መረቀችዎት። ምርቃቷን ለክቡርነትዎ ማድረስ ስለነበረብኝ በዚህ አጋጣሚ አድርሻለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ

ታኅሣሥ ፲፰ ቀን።

ከዚህ በላይ ያለው ትናንት የተጻፈ ነው። አምስተኛው ነጥብ ስለ ምን እንደ ነበር ጠፍቶብኛል። በሥራ ዘመኔ የተሰረዘና የተጓደለ ወረቀት ለሹም አቅርቤ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አስተካክዬ የምጽፍበት ልብ ስለሌለኝ እንዳለ ይቀበሉልኝ።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ሳዲያን የመያዝ ተራው የሰብሪያ ነበር። ድካም አሸንፏት፣ እንቅልፍ ጥሏት ኖሮ፣ ልጅቱ ከደረቷ ተንሸራትታ ከገለባው አልፋ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ አገኘኋት። ምን ያህል እንደ ቆየች አላውቅም። ሳነሣት ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አታለቅስም፤ እጇ ሲወድቅ አይመለስም። የማሻውን ማለዳ ሁለተኛ በእጄ የያዝኩ መሰለኝ። ጮኽኩ፤ ምን ብዬ እንደ ጮኽኩ አላውቅም። እትዬ አስቻለች በጓሮ በኩል መቀነቷን እየፈታች ሮጣ ገባች፤ ልጅቱን ከእጄ ነጥቃ ከቀሚሷ ውስጥ ከትታ፣ ጀርባዋን እያሸች፣ አፏ ላይ እየተነፈሰች፣ እኔን ደግሞ «አብሽር ይማሜ፣ አብሽር» እያለች፣ አንዴ የእሷን እመቤት አንዴ የእኔን ነቢ እየጠራች ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ሰብሪያም እየወደቀች እየተነሣች ተከተለቻት። የእትዬ አስቻለች ቤት ከአውራ መንገዱ ስልሳ እርምጃ ገባ ያለ ስለሆነ ትእዛዝዎ አልደረሰበትም። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ነው፤ ቁርበት አለበት፤ ከመሐሉም ምድጃ አለው። ፀሐይ ወጥታ ጥላ ካጠረ በኋላ ሳዲያ አለቀሰች። ደጅ ቆሜ ሰማሁት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተነሥቼ ድጅኖ ተዋስኩ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲጀመር የፈቃድ ጥያቄ ነበር፤ አሁን የእምነት ክህደት ቃል ሆኗልና መዝገቡን እንደዚያው ያስተካክሉልኝ። የምሳሌውን ቤት ወለል አፍርሼዋለሁ። ያፈረስኩት ብቻዬን ነው፤ አቶ አልታዬ ከበሩ ቆሞ ከዳር ጀምር ከማለት በቀር እጁን አላስገባም። ስስ ስለ ነበር እስከ ዙሁር አለቀ። ከሥሩ የእናቴ ወለል አለ። ሞቶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር፤ እርጥበት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ አንዳንድ ቦታም ረግቧል እንጂ አልጠፋም። ሲሚንቶው ሊፈስ አንድ ቀን ሲቀረው ሰብሪያ በዚያ በገፋ ሆዷ ተንበርክካ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ለቅልቃው ነበር። ነገ ለሚቀበር ወለል ምን ያደክምሻል ብላት፣ «ሳይታጠብ የሚቀበር ማን አለ?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ዛሬ ስብርባሪውን ገልብጬ ሳየው የአራት ጣቶቿ መሥመር፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደምትዘረጋው፣ በሲሚንቶው ጀርባ ላይ ተቀርጾ አገኘሁት። ድጅኖውን ጥዬ አለቀስኩ፤ ይህም በእምነት ቃሌ ውስጥ ይግባልኝ።

አሁን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መንግሥት በሰጠው ሲሚንቶ ላይ እጁን ያነሣ ሰው እንደሚታሰር አውቃለሁ፤ ስለ ሌሎች ስጽፍ የኖርኩት ስለ እንዲህ ያለው ነው። ነገር ግን የረገበው ቦታ ቀይ አፈር ተጨምሮበት ቀን በቀን መጠቅጠቅ፣ ምድጃው ተቆፍሮ እሳት መንደድ፣ ከዚያም መለቅለቅ አለበት። ይህ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ይወስዳል፤ እርጥብ ወለል ደግሞ ከሲሚንቶ አያንስምና ሳይደርቅ ልጄን አላስገባበትም። አራስ ሴት አፈር አትጠቀጥቅም፤ እትዬ አስቻለችም ሁለት ቤት አትችልም። ስለዚህ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ቀን አይሰሩኝ። በዚያን ቀን ዘበኛ መላክ ሳያስፈልግ ጋቢዬን አጣፍቼ ራሴ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት የግድ መላክ ካለብዎትም ብዙነህን አይላኩት፤ እኔን ይዞ ሲሄድ በመንገድ ላይ ፊቱን የሚያዞርበት ግድግዳ ያጣል። እንግዳውም ከገና በኋላ ሲመጡ የሚታይ ሲሚንቶ እንዳያጡ የአቶ አልታዬ ቋጥኝ ከግቢዬ አለ፤ ታጥቦ ይጠብቃቸዋል።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በወይራው ግንድ ላይ የምለጥፈው ለድፍረት አይደለም። በመሳቢያ ውስጥ የገባ አቤቱታ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ትእዛዝዎን ለጎረቤቶቼ እንዳነበብኩላቸው ይህንንም ነገ በገበያው እኔው አነብላቸዋለሁ፤ ድምፄ እንደዚያን ጊዜው የሚወጣልኝ አይመስለኝም። እስከዚህ መሥመር ድረስ ሳዲያ ትተነፍሳለች። ጡት ሁለት ጊዜ ስባለች ብለውኛል። ደረቴ ላይ ስለሌለች እጄ ነፃ ነው፤ ፊደሎቼ ግን እንደ ትናንትናው ተንጋድደዋል።

ከእግርዎ ሥር፣ ይኸውም ዝተቴ ካለበት ስፍራ ጥቂት ዝቅ ብዬ፣ የማያልቀውን አክብሮቴንና የማልደብቀውን ፍርሃቴን ጨምሬ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ የማይጠፋ ፍም፣ ለወለልዎም እንደ እናቴ ያለች እጅ እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ።

በምሳሌነት የተመረጠው ቤት ባለቤት፣
የጀማሉዲንና የሳዲያ አባት፣
ይማም ሱሌማን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጆንያ ተጠቅልሎ የደረሰዎት ከፈረሰው ወለል ትልቁና ንጹሑ ቁራጭ ነው፤ በደንቡ መሠረት በውኃ ታጥቧል። ከጠረጴዛዎ ሥር በዝተቱ ቦታ እንዲነጠፍ ልኬዋለሁ፤ ዝተቱን ወደ እትዬ አስቻለች ቤት ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ክቡርነትዎ ጫማ አለዎት። የሳዲያ እግር ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ እስካሁን ወለል የነካችውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።